ዊንጌት፣ የተማረበት ትምህርት ቤት እና የሆለታ ልጆች

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ «ዊንጌት! ዊንጌት!» የሚለውን የወያላ ጥሪ ያውቀዋል። ዊንጌት ሰፈር ነው፣ ዊንጌት የታክሲ ማዞሪያ ነው፣ ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ሰው እንደነበር ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሳስተምር በየዓመቱ «ዊንጌት ማን ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አንድ ዓመት አንዱ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ቲቸር፣ የጃንሆይ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው» አለኝ። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት፤ ቢያንስ እንግሊዝነቱን አልሳተም።

ዛሬ ወደ ዊንጌት የመለሰኝ ግን በቀድሞ ተማሪዎች ግሩፓችን ሰሞኑን የተነሣው ክርክር ነው። አንዳንዶቻችሁ «በውትድርና ላይ ለሞቱ የትምህርት ቤታችን ልጆች ግቢው ውስጥ መታሰቢያ ይቁም» አላችሁ። ሌሎቻችሁ «የትኞቹ? በየትኛው ጦርነት? ከየትኛው ወገን?» ብላችሁ መለሳችሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰው ግሩፑን ለቆ ወጣ። «የታሪክ መምህር ነዎትና እርስዎ ይናገሩ» ስላላችሁኝ ይኸው ረዘም አድርጌ ጻፍኩት። ቡና ይዛችሁ አንብቡት። (የውጭውን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልኩ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፈተና ላይ እንደምታደርጉት እንዳታቀላቅሉብኝ።)

ኦርድ ዊንጌት የተማረው ቻርተርሃውስ በሚባል የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነው። ቶማስ ሰተን የሚባል ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1611 ለንደን ውስጥ መሠረተው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ደግሞ ከለንደን ወጣ ብላ ወደምትገኘው ጎዳልሚንግ ተዛወረ። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወልም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች የሀብታምና የመሳፍንት ልጆች፣ በኋላም የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎችና የጦር መኮንኖች የሚፈለፈሉባቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ምሽግ ሄዱ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የጨረሰ ልጅ ወዲያው የመቶ አለቃነት ማዕረግ ይሰጠው ነበር። መቶ አለቃ ማለት ደግሞ «ወደፊት!» ሲባል ፉጨት ነፍቶ፣ ሽጉጥ ይዞ፣ ከምሽጉ ቀድሞ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ከተራው ወታደር ይልቅ እነሱ በብዛት አለቁ። ኢተን የሚባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት ብቻውን 1,157 የቀድሞ ተማሪዎቹን አጣ። ከዘመቱት ልጆቹ ከአምስት አንዱ ማለት ነው። ዊንቸስተር 500 አጣ። ቻርተርሃውስ ወደ 700 የሚጠጉ።

እስቲ በእኛ ሒሳብ አስሉት። አንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢይዝ 14 ክፍል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እንግሊዞች በዚያ ጦርነት የሞተን ወታደር አስከሬን ወደ አገር ቤት መመለስ ከለከሉ። ሀብታም ገንዘብ ከፍሎ የልጁን ሬሳ ሲያስመጣ የድሃው ልጅ እዚያው ሲቀር ለማየት አልፈለጉም፤ ብዛቱም አይቻልም ነበር። የጄኔራሉም የገበሬውም ልጅ በወደቀበት ቀረ፣ መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ ድንጋይ ተተከለለት። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን እናት የምታለቅስበት መቃብር አጣች። እንግሊዝ አገር በየመንደሩ፣ በየባቡር ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የስም ዝርዝር የበዛው ለዚህ ነው። እኛ ሬሳ ያልተገኘለትን ሰው ልብሱንና ፎቶውን ዘርግተን እናለቅሳለን አይደል? እነሱ ደግሞ ስሙን ድንጋይ ላይ ጻፉት።

ቻርተርሃውስ ለልጆቹ ያቆመው ሐውልት ወይም ሰሌዳ አይደለም፤ ትልቅ የጸሎት ቤት ነው። ንድፉን የሠራው ጃይልስ ጊልበርት ስኮት ነው። በፊልም የምታዩትን ያንን ቀይ የእንግሊዝ ስልክ ቤት የነደፈው ሰውዬ ማለት ነው። ሕንጻው እ.ኤ.አ. በ1927 ተባርኮ ተከፈተ፤ እንግሊዝ ውስጥ ካሉት የጦርነት መታሰቢያዎች ትልቁ እሱ ነው ይባላል። ተማሪዎች ይጸልዩበታል፣ ይዘምሩበታል። ዊንቸስተር ደግሞ በአምድ የተከበበ መተላለፊያ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ተከፈተ፤ ልጆቹ ከመኖሪያቸው ወደ ክፍል ሲሄዱ በየቀኑ በስሞቹ መካከል እንዲያልፉ ታስቦ ነው የተሠራው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዊንጌት ቻርተርሃውስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፣ በሶም ወንዝ ዳር ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀበት ዓመት። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አዳሪ አልነበረም፤ ቤተሰቡ ጥብቅ የፕሮቴስታንት አማኞች ነበሩ፣ ልጃቸው ከቤት እየተመላለሰ ነው የተማረው። ኳስ አይጫወትም፣ ጓደኛም ብዙ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የጸሎት ሰዓት ላይ በሳምንቱ የወደቁትን የቀድሞ ተማሪዎች ስም ማንበብ የተለመደ ነበር። ባለፈው ዓመት የበላይ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጅ ስም ዘንድሮ በሙታን ዝርዝር ይነበባል። ሞት የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ቀጣይ ክፍል ይመስል በነበረበት ዘመን ያደገ ልጅ ነው እንግዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ወደ ጦር አካዳሚ የሄደው።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ ወይም ማወቅ ነበረባችሁ፣ አስተምሬያችኋለሁና። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ ወደ ጎጃም የሚገባውን ትንሽ ጦር የመራው ዊንጌት ነበር። ጦሩን «ጌዴዎን» ብሎ ሰየመው። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበባችሁ ጌዴዎን 300 ሰው ይዞ ስፍር ቁጥር የሌለውን የምድያም ጦር በችቦና በቀንደ መለከት እንዳሸበረ ታስታውሳላችሁ። ሰውዬው ያንን ነበር ለመድገም የፈለገው። 2,000 የማይሞላ ጦር፣ ከግማሽ በላዩ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን፣ ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ እጅግ የሚበልጠውን የጣልያን ጦር እያታለለና እያስደነገጠ ከቡሬ አስለቀቀ፣ ደብረ ማርቆስ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ስለዚህ ዘመቻ ከተጻፈው ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የግመሎቹ ነገር ነው። ዕቃ ጭነው ከሱዳን 15,000 ያህል ግመሎች ተነሡ፣ ደጋው ብርድ ፈጃቸው፣ አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ ናቸው ተብሎ ተጽፏል። አምሳ ሦስት! ግመል እንዲህ ተቆጥሯል። በየካቲት መጨረሻ ደምበጫ አቅራቢያ ግን፣ ከስደት ካምፖች ተሰብስበው የሠለጠኑ የሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ወታደሮች ከቡሬ እያፈገፈገ በመጣው ብዙ ሺህ የጣልያን ጦር መንገድ ላይ ብቻቸውን ወድቀው ክፉኛ ተመቱ። የዚያን ዕለት የወደቁትን አንዱን እንኳ በስም ጥሩልኝ ብላችሁ አገሩን ብትዞሩ ማን ይመልስላችኋል? ሻለቃው እንግሊዝ አዛዥ ግን በየመጽሐፉ አለ።

ዊንጌት ራሱ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሕንድና በበርማ ድንበር የተሳፈረበት አውሮፕላን ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። አብረውት ከሞቱት አብዛኞቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ አስከሬኑን መለየት ስላልተቻለ ሁሉም በአንድ ላይ አሜሪካ፣ አርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበሩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር የሆነው ሰውዬ የተቀበረው እናንተ ጋ ነው፤ አንድ እሑድ ብቅ በሉ።

ቻርተርሃውስ ያ የጸሎት ቤት ከተከፈተ 12 ዓመት ብቻ ቆይቶ ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ። ለአንድ ጦርነት ብለው የሠሩት ሕንጻ 350 ያህል ስም ተጨመረበት። የእነዚህኞቹ ትውልድ ነው ዊንጌት። እኛም በበኩላችን እ.ኤ.አ. በ1946 አዲስ አበባ ውስጥ ከእንግሊዞች ጋር በመተባበር ለተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሙን ሰጠን። ስለዚህ ዊንጌት ትምህርት ቤት ራሱ መታሰቢያ ነው፤ በውጊያ ዘመን ለሞተ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ የቆመ መታሰቢያ። በዚህ አልከፋም። ሰውዬው ለአገራችን ነጻነት ተዋግቷል፣ ከአንዳንድ ወገኖቹ በተለየም ኢትዮጵያ ራሷን የቻለች አገር ሆና እንድትቀጥል አጥብቆ ይከራከር ነበር። ስሙ ይገባዋል። ግን የቤቱ ልጆችስ?

አሁን ወደ ሆለታ ልውሰዳችሁ።

ከጣልያን ወረራ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ሆለታ ገነት ላይ ምኒልክ ባሠሩት አሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፣ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም። ስዊድኖቹ አማርኛ አያውቁም፣ ተማሪዎቹ ስዊድንኛ አያውቁም፤ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ሆነ። ስለዚህ የተመረጡት ልጆች በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የቀሰሙ፣ እንደ ተፈሪ መኮንን ካሉ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የወጡ ነበሩ። ትላንት ደብተር ይዘው የነበሩ ልጆች ማለት ነው። አገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከከፈተች ገና 30 ዓመት አልሞላትም፤ እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ የነበራት ጥሪት ናቸው። ያንን ጥሪት አውጥታ ለጦርነት ሰጠችው።

ትምህርቱን የመጨረስ ዕድል አላገኙም። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ሲፈታና ባዶሊዮ በመኪና ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ የቀረ መደበኛ ጦር ስላልነበረ ካዴቶቹ በችኮላ በተሰበሰበ ጦር ላይ አዛዥ ተደርገው ወደ ጣርማ በር ወጡ። መሪያቸው ፈረንሳይ አገር ሳን ሲር የተማረው ክፍሌ ነሲቡ ነበር። የጣርማ በርን ገደል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ በዋሻ ውስጥ በመኪና እናልፈዋለን፣ ያኔ ጠመዝማዛ መንገድ ነበር። መንገዱን ቆረጡት። የጠላትን ሰልፍ ለጊዜው አዘገዩት እንጂ ሊያቆሙት አልቻሉም። ንጉሡ በባቡር ወጡ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ጋ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ዕድሜያቸው እኮ የእናንተ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዕድሜ ነው! ብዙዎቹ ግን ወደ ምዕራብ ሄዱ፣ ነቀምት ላይ ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ሆነው «ጥቁር አንበሳ»ን አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማረው ዶክተር አለመወርቅ በየነ ነበር። የጦሩ ኃላፊ ሌላው የሳን ሲር ምሩቅ፣ የኤርትራ ተወላጁ በላይ ኃይለአብ። አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ አወጡ። በዚያ ደንብ ገበሬን መበደል የተከለከለ ነው፤ ምርኮኛን ማሠቃየት የተከለከለ ነው፤ ጥሎ ወደ ውጭ መሰደድ የተከለከለ ነው፤ ጦሩ ለፖለቲካ መሪው ይታዘዛል። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ አገር በፈረሰ ማግሥት፣ ጫካ ውስጥ ቁጭ ብለው «ምርኮኛ አይነካም» ብለው ጻፉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች ነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ አረፉ። ጥቁር አንበሶች በሌሊት ደረሱባቸው። የጣልያን አየር ኃይል ጄኔራል ማልዮኮና በአገሩ ዝናው የናኘ ሎካቴሊ የሚባል አብራሪ ከተገደሉት መካከል ነበሩ፤ አውሮፕላኖቹም ነደዱ። ከዚያ በኋላ ራስ እምሩን መሪ አድርገው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በዝናብ፣ በረሃብ፣ ከላይ በአውሮፕላን እየተደበደቡ፣ በአንዳንድ ቦታ የአገሬው ሰው ሳይቀር እየተዋጋቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡ፣ ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩን ወደ ጣልያን ወስደው አሠሯቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ ቀሩ።

ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 መጣ። ሞገስና አብርሃም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፣ ቀጥሎ የሆነውን አልደግምላችሁም። ከጅምላው እልቂት በኋላ ጣልያኖች ስም እየያዙ መልቀም ጀመሩ፣ በተለይ የተማረውን። ክፍሌ ነሲቡም በላይ ኃይለአብም ተረሸኑ። የሆለታ ካዴቶችም አብዛኞቹ እንዲሁ አለቁ። በጦር ሜዳ አይደለም፤ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ። «ምርኮኛ አይነካም» ብለው የጻፉት ልጆች ምርኮኛ ሆነው ተገደሉ።

ጥቂቶች ተርፈዋል። ሙሉጌታ ቡሊ ከሆለታ ካዴቶች አንዱ ነበር፣ ተሰድዶ ተርፎ በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል ሆነ፤ እሱንም በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ገነተ ልዑል ውስጥ የራሱ አገር ሰዎች ገደሉት። የአገራችን ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ ጠላት የሳተውን ወዳጅ አይስተውም።

ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ለየካቲት 12 ሰማዕታት ሁሉ ነው፣ ደግ ነው። ግን «ሁሉ» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። «ለሁሉም» የተባለ ሐውልት ሥር ቆሞ አንዱንም በስም ማስታወስ አይቻልም። የትምህርት ቤት መታሰቢያ ከብሔራዊ ሐውልት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ አለው! እያንዳንዱን ልጅ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በገባበት ዓመት ያውቀዋል። መንግሥት «ሰማዕታት» ይላል፤ ትምህርት ቤት «ስምንተኛ ቢ፣ ተራ ቁጥር 23» ማለት ይችላል።

እንግሊዞቹንም ከሚገባው በላይ እንዳላሞግስ። ከሀብታሞች ትምህርት ቤት ግድግዳ ወጣ ስትሉ ነገሩ ሌላ ነው። ያ «ለሁሉም እኩል ድንጋይ» የሚለው መርሕ በአፍሪካና በእስያ ለሞቱት ወታደሮቻቸው አልሠራም። የጦር መቃብር ኮሚሽናቸው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሟቾች ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ በአብዛኛው አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ በስማቸው ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ዕቃ ተሸክመው ያለቁት ምስኪኖች ስም አልተጻፈም። የደምበጫዎቹን ልጆች ሳስብ ይህ ሪፖርት ትዝ ይለኛል።

እና እናንተን ያጣላችሁ ጥያቄ፣ «ከየትኛው ወገን?» የሚለው። ይህን ጥያቄ ቀድሞ የተጋፈጠ ቤት አለ። ኦክስፎርድ ውስጥ ኒው ኮሌጅ ይባላል። ከጦርነቱ በፊት እዚያ የተማሩ ጀርመኖች ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲነሣ አገራቸው ተመልሰው ለጀርመን ተዋግተው ሞቱ። ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ተታኩሰው ማለት ነው። ጦርነቱ አልቆ ኮሌጁ የልጆቹን ስም ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሲጽፍ «እነዚህስ?» የሚል ተነሣ። ክርክር ሆነ፤ ልጁን ያጣ ወላጅ አለ፣ ቁስሉ ትኩስ ነው። በመጨረሻ የሦስቱ ጀርመኖች ስም ለብቻው በሆነ ሰሌዳ ተጽፎ እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ ተሰቀለ። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከሌላ አገር መጥተው የዚህ ቤት ልጆች ሆኑ፣ ተመልሰውም ለአገራቸው ተዋግተው ሞቱ። ጠላት የሚል ቃል የለበትም። ይቅርታ የሚልም የለበትም።

ልብ በሉ፣ አልቀላቀሏቸውም። ሰሌዳው የተለየ ነው። ከቤቱ ግን አላስወጧቸውም።

የኛ ነገር ከዚህ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የእኛዎቹ ከሌላ አገር የመጡ አልነበሩም። ወሎ ውስጥ ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፣ 1975 ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል ወረቀቱ። ወረቀቱ። በተግባር አፈሳ ነበር። የአንድ ክፍል ስም መጥሪያዬ እስካሁን እጄ ላይ አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት አራት ልጆች አልመጡም። «ቀሪ» ብዬ ምልክት አደረግሁ። ማክሰኞም ቀሪ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ እያልኩ ሞላሁ፣ ከዚያ «በቀይ ሰርዛቸው» ተባልኩ፣ ሰረዝኩ። ከአራቱ አንዱ ተመልሷል፣ እግሩን አጥቶ። ሦስቱ ናቅፋ ይሁን አፋቤት፣ የት እንደቀሩ ለቤተሰብ የነገረ የለም።

በዚያው መጥሪያ ላይ፣ ከተሰረዙት ከአንዱ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጥ የነበረ ልጅ አለ። አፈሳውን ሸሽቶ ጫካ ገባ፤ ታጋይ ሆኖ ሞተ። የእሱ ቤተሰብ በኋላ መርዶ ደረሰው፣ ወረቀት ተሰጠው፣ «ሰማዕት» ተባለ። የጓደኛው እናት ግን ለወታደር ልጇ ማልቀስ እንኳ ፈርታ ኖረች፤ «የደርግ ወታደር» ነበራ። ከዚያ ወዲህ ባድመ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የ2013ቱ ጦርነት መጣ፣ ማን ሰማዕት እንደሚባልና ማን እንደማይባል ብዙ ጊዜ ተገለባበጠ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ ሰሌዳ ከሆነ የምንሰቅለው፣ ባንሰቅለው ይሻላል። ገንዘባችሁን ለቤተ መጻሕፍቱ ጣራ አውሉት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ይሰቀል። አንድ ዝርዝር ይሁን። ማዕረግ አይጻፍ፣ ጦርነቱም አይጻፍ፣ ወገኑም አይጻፍ። ስም፣ የአባት ስም፣ ትምህርት ቤቱ የገባበት ዓመት። በገባበት ዓመት ሲደረደር እነዚያ ሁለት የአንድ ዴስክ ልጆች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ማንም አስታራቂ ሳያስፈልጋቸው። የኒው ኮሌጅን ዓይነት የተለየ ሰሌዳ እዚህ አልመክርም፤ እዚያ ለያይቶ መስቀል አክብሮት ነበር፣ እኛ ጋ ግን ለያይቶ መስቀል እንደገና ጎራ ማሰለፍ ይሆናል። የልጃችን ስም ከገዳዩ ጋር አይጻፍ የሚል ቤተሰብ ካለ ደግሞ ይከበርለት፤ ሐዘን በኮሚቴ ድምፅ ብልጫ አይወሰንም። በቀይ ሽብር የሞቱትን ልጆች እዚሁ ዝርዝር ውስጥ እናስገባ ያላችሁ አላችሁ። አይሆንም። ውትድርና ላይ አልሞቱም፣ የራሳቸው ሰሌዳ ይገባቸዋል፣ ሥራውም የራሱ ነው። ሁለቱን ብናቀላቅል ሁለቱም ይደበዝዛሉ።

ቦታውን በተመለከተ ከባንዲራው ሥር፣ በአጥርና በሰንሰለት ተከቦ የሚለውን ሐሳብ አልወደድኩትም። በአጥር ያጠርነው ሐውልት ምን እንደሚሆን አይታችኋል፤ ቁልፉ ይጠፋል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ በዓመት አንድ ቀን አበባ ይቀመጥበታል። የዊንቸስተርን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከዋናው በር ወደ ክፍሎቹ በሚወስደው በረንዳ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ልጆቹ በየቀኑ እየተጋፉ፣ እየሳቁ፣ ትከሻቸው እየታከከው ይለፉበት። በነሐስ አይሁን፣ ነሐስ እኛ ጋ አያድርም። እብነ በረድ ላይ ተቆፍሮ ይጻፍ።

ከዚያ በፊት ግን ሥራ አለ። የትምህርት ቤቱ አሮጌ መዝገቦች በምን ሁኔታ እንዳሉ አይቻለሁ፤ ዝናብ የገባበት ካርቶን ውስጥ ናቸው። ክረምት ሳይገባ በስልክም ቢሆን ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሡ። ቅዳሜ ከሰዓት መምጣት የምትችሉ አምስት ሰዎች ብትገኙ እኔ አለሁ።

ሌላም የማስቸግራችሁ ነገር አለ። ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም የአያቱ ወንድም በ1927 ዓ.ም. ሆለታ የገባ ካለ፣ ወይም ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ወታደራዊ ልብስ የለበሰ ወጣት አሮጌ ፎቶ ኖሮ «ማን እንደሆነ አናውቅም፣ በጣልያን ጊዜ የሞተ ዘመድ ነው» የሚባል ካለ፣ ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥታችሁ ጀርባውን እዩት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አይጠፋም። የፊቱንም የጀርባውንም አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የአባቱን ስምና ከመዝመቱ በፊት የተማረበትን ትምህርት ቤት ካወቃችሁ አብራችሁ ጻፉ። እስካሁን ሁለት ፎቶ ደርሶኛል፤ አንደኛው ጀርባ ላይ ስም የለም፣ «ለእማማ» ብቻ ይላል፣ በፈረንሳይኛ ፊደል።